አሜን ያለው ማነው

ማክሰኞ ማለዳ ከባሕሩ ወጣ፣
ከወደቡ ክሬን በቁመት የበለጠ፣ እንደ ጨው የነጣ።
ቫልፓራይሶ በረንዳ ላይ ወጥታ አፏን ስትከፍት፣
እጁን ዘረጋብን፤ ጀመረ ምርቃት።
«እንቅፋት አይምታችሁ» አለ፣ ድምፁ እንደ ካፊያ፤
«አሜን» አልን በአንድ አፍ፣ ሳናስብ፣ በጥድፊያ።

በማግሥቱ ደረጃ የለም።
የዓሣ አጥማጅ ቦቲ የበላው፣ ልጆች ቀለም የቀቡት፣
ኮረብታን ከኮረብታ የሰፉት፣
ለስልሶ አደረ እንደ ጠርሙስ፤ የሚመታ ጠርዝ ጠፋ፣
እግር የሚይዝ እርከንም አብሮት ጠፋ።
ዳቦ ሻጩ ከነቅርጫቱ ቁልቁል ተንሸራቶ ወረደ፤
አጥንቱ አልተነካም፣ ምርቃቱ አልዋሸም፣
ግን ማታ ወደ ቤቱ ማን ሽቅብ ሄደ?

እኛ አምስት ነን፤ ከተማው ጠባቂዎቼ ይለናል።
ሂሜና የጫካ እሳት በአንድ ትንፋሽ ታጠፋለች፣
ሮሳልባ ግድግዳ ታልፋለች
(ስንጨቃጨቅ ደግሞ አዘውትራ ታልፋለች)፤
ናዌል መርከብ ይሸከማል፤ ኤሌውቴሪዮ ይበራል።
እኔ እሰማለሁ ብቻ። ምድር ስትንቀጠቀጥ
ፍርስራሽ የተጫነው ልብ ትር ሲል ይሰማኛል፤
«እዚህ ቆፍሩ» እላለሁ፤ ሌላው ይቆፍራል።

ሐሙስ ደግሞ «ዓይናችሁ እንባ አያፍስስ» አለን።
አሜን አልን። እኔም ብያለሁ፤ አልክድም።
ቅዳሜ አንድ ወጣት የእሳት አደጋ ሠራተኛ ስንቀብር፣
እናቱ ዶኛ ኤርሲልያ ሣጥኑ ላይ ተደፍታ
ፊቷን እንደ ጨርቅ ጨመቀች፣ ጨመቀች፤
አልወጣም አንድ ጠብታ።
ወደ እኛ ዞራ «መልሱልኝ» አለች፤
«ልጄን አላልኩም፤ እንባዬን» አለች።

የዚያን ሌሊት፣ በአሮጌው የዓሣ መጋዘን፣
ናዌል ጠረጴዛውን መታ፤ ጠረጴዛው ሁለት ሆነ፤ እኛም ሁለት ሆንን።
«የሕፃናት ሆስፒታሉ ባዶ ነው! አልጋው ሁሉ ታጥፏል!
ለደረጃ ነው የምታለቅሱት? ሰዉን በጀርባዬ አወጣዋለሁ!»
ሂሜና ድምፅዋን ሳታነሣ፦
«ሰጥቶህ እጅህን ካልለቀቀ፣
ያዘህ እንጂ አልሰጠህም።»
ሮሳልባ ግድግዳው ውስጥ ግማሽ አካሏ ገብቶ ቀርቷል።
ኤሌውቴሪዮ ዝም።
ወንድሙ ከነጀልባው የቀረ ዕለት ነፋስ ነበር፣ አልደረሰም፤
ዝምታውን እኔ ብቻ ነኝ የምሰማው። ይደልቃል።

«አንተ ሂድና ስማው» አሉኝ፤ ሄድኩ።
ከማዕበል መስበሪያው ጫፍ፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ
ጆሮዬን ለጠፍኩ። የልብ ትርታ የለም፤
ዛጎል ጆሮ ላይ ሲደፉት የሚሰማው፣ ያ እምምታ፤
የገዛ ደሜ ነበር።
«ባዶ ነው» አልኳቸው ተመልሼ።
ናዌል፦ «ንጹሕ ነው ማለትህ ነው።»
ሂሜና፦ «አይሰማንም ማለትህ ነው።»
የትኛውን ማለቴ እንደሆነ አላውቅም ነበር።

እሑድ ሲመሽ እጁ ተነሣ፦
«የጠፋባችሁ ይመለስላችሁ።»
ከተማው ተምሯል፤ አፉን በመዳፉ ከደነ።
ያን ያህል ልብ ሲመታ ሰማሁ፣ አንድም ምላስ የለ።
ከዚያ ከላይ፣ ከደመናው ሥር፣ በሕፃን ድምፅ የሚመስል፣
አንዲት አሜን።
ቀና አላልኩም።

እኩለ ሌሊት ከባሕር ወጡ።
የአባቶች፣ የአያቶች፣ ስማቸው የተረሳ የመርከበኞች ቦቲ
ውሃ እያንጠባጠበ ወደየቤቱ ሽቅብ ጀመረ፤
ደረጃ የለም! ሁለት ክንድ ወጥቶ ይንሸራተታል፤
ይነሣል፤ አጥንቱ አይነካም፤ ደግሞ ይወጣል፤ ይንሸራተታል።

ናዌል ከላይ ገመድ ወረወረ፤
ሂሜና ገመዱን ረገጠች።
ኤሌውቴሪዮ ዝቅ ብሎ እየበረረ ፊት በፊት ይፈልጋል፣
የአንዱን ኮሌታ ያነሣል፣ ይተዋል፣ የሌላውን ያነሣል።
«ልብ አላቸው?» ብለው ጮኹብኝ ሁለቱም፤
«ስማቸው! ይመታል?»

ጆሮዬን አዘነበልኩ።
ውሃ። የቦቲ ፍትጊያ። ሽርተታ። ፍትጊያ።
ከዚያ ከሩቁ፣ ከአንዱ ውስጥ፣ ትር።
ወይስ ዛጎሉ ነው?
ዓይኔን ጠረግሁ፤ ደረቅ ነበር፤
ገመዱ በሁለቱ መሃል ተወጥሮ ሲጮህ፣
አፌን ከፈትኩ።